ሐይቅ ዳር የያዝኩት ሰላይ

አንድን ሰው ለማስገደል ምን ያህል ጊዜ ይበቃል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ፊሽካ ለመንፋት የሚፈጀውን ያህል ነው እላችኋለሁ። ሳላውቀው ሞክሬዋለሁና። ደግነቱ አልተሳካልኝም። ተሳክቶልኝ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጠመኝ እየሳቅሁ ባላወራኋችሁ።

ዘይነባ እባላለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ስድስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ስሠራ ቆይቼ፣ ዘመዶቼ «ለውጥ መጥቷል፤ አገር ቤት ሥራ ሞልቷል፤ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ ሻንጣዬን ሸክፌ ሐይቅ ከተማ ገባሁ። ለውጡን አይቼ ሳልጨርስ ጦርነቱ መጣ። ሸሽተን ስንመለስ ቤታችን ጣራ አልነበረውም። ከሐይቁ ዳር መናፈሻ በር ላይ አሳ የምጠብስበት ብረት ድስትም ተወስዷል። የገረመኝ ግን ዘይቱን አብረው መውሰዳቸው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቆሮሶ አሳ የተጠበሰበትን ዘይት! የበላበት ሰው ሆዱን እንደቆረጠው ወላሂ እርግጠኛ ነኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሁሉ ጠባቂ ሆነ። አለቃችን አያ እንድሪስ ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት አናጺ ናቸው። የተሰጣቸውን ጠብመንጃ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው አቅፈው ነበር የሚዞሩት። ለእኔ ቀኑን ሙሉ ከሐይቁ ዳር ስለምውል ፊሽካ ሰጡኝ። «ጸጉረ ልውጥ ካየሽ ንፊ» አሉኝ።

እኔም ነፋሁ። መጀመሪያ የነፋሁት በገዛ አክስቴ ላይ ነው። ከቢስቲማ ስትመጣ አዲስ መነጽር አድርጋ ነበር፤ አልለየኋትም። ሁለተኛ የነፋሁት ሐይቁ ላይ በተንሳፈፈ ጆንያ ላይ ነው። ሃያ ሰው ዱላ ይዞ እየሮጠ መጥቶ ጆንያ አየ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ጎረምሶች ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር በአፋቸው «ፊው!» ይሉብኝ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንድ እውነተኛ ሰላይ እንዲመጣልኝ ዱዓ አድርጌያለሁ።

መጋቢት ውስጥ ነው። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ጥሎ አድሮ የአምባሰል ተራሮች ታጥበው ቀርበው ይታያሉ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ አሳ ላጥብ ወደ ውሃው ስወርድ፣ ደንገሉ ውስጥ ሁለት ጫማ አየሁ። ጫማዎቹ ሰው ነበራቸው። ሰውየው በሆዱ ተኝቷል። ቡናማ ጃኬት፣ ቡናማ ባርኔጣ፣ ዓይኑ ላይ ወታደር የሚይዘው ዓይነት አቅራቢ መነጽር። አጠገቡ የተከፈተ ደብተር። ስልኩን አፉ ላይ አስጠግቶ በሹክሹክታ ይናገራል።

«ትልቋ አሁንም እዚያው ናት» አለ። «አልተነሳችም። ሁለቱ ነጫጮች በገዳሙ በኩል ዞረው ገብተዋል። ጥቁሮቹ አሥራ አራት። አንዱ ጠልቆ አልወጣም።»

ወዲያው ገባኝ። ትልቋ መድፍ ናት። ነጫጮቹ ፒካፕ መኪኖች ናቸው። ጠልቆ ያልወጣው ምን እንደሆነ ሳስብ፣ በሐይቃችን ውስጥ ሰርጓጅ መርከብ ታየኝ። የት በኩል ገባ ብዬ አልጠየቅሁም። ፊሽካውን አፌ ውስጥ ከትቼ ሳንባዬ እስኪያልቅ ነፋሁ።

ያን ቀን ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ሁሉም መጡ። ሰውየው ከደንገሉ ውስጥ ቀና ሲል ስልሳ ሰው ከቦታል። ዕድሜው ከስልሳ አምስት አያንስም። ጺሙ ነጭ ነው። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽሽ፣ ይደነግጣሉ» አለን።

«ማን ነው የሚደነግጠው?» አሉ አያ እንድሪስ ጠብመንጃቸውን አቅፈው። «ተነስ! እጅ ወደ ላይ!» ሰውየው ለመነሳት ሲሞክር ጉልበቱ እምቢ አለው። ጭቃው አዳለጠው። አያ እንድሪስ አንድ እጃቸውን ዘርግተው «ቀስ ብለው፤ ያንሸራትታል» አሉ። አያ እንድሪስ ሽበት ያለውን ሰው አንተ ብለው የመጨረስ አቅም የላቸውም። ከዚያ ወዲያ ምርመራው በሙሉ በአንቱ ሆነ።

«ስምዎ ማነው?»

«ይመር።»

«የአባት?»

«አሊ።»

«የአያት?»

«ገብረ ሥላሴ።»

ሕዝቡ ተያየ። ከአጠገቤ አሳ የምትሸጠው እትዬ ጦይባ «እንዲህ ያለ ስም የወሎ ሰው እንጂ ሌላ አይኖረውም» አለች። ይህ ለሰውየው ጥሩ ነበር። ግን ከኋላ አንድ ሰው «አጥንቶ መጥቶ ቢሆንስ?» አለ። እሱም እውነት መሰለን።

ሰውየው ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ጡረታ የወጣ የደሴ የባዮሎጂ መምህር መሆኑን፣ በሐይቁ ላይ ወፍ እንዲቆጥር እንደተፈቀደለት ይገልጻል። አያ እንድሪስ ማህተሙን በአውራ ጣታቸው ፈተጉት። «ማህተም ዛሬ ማን ያጣል?» አሉና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ደግሞ ወፍ ይቆጠራል እንዴ? ቆሞ ይጠብቅዎታል?»

«ይቆጠራል» አለ መምህሩ።

«ቆጥረው ለማን ነው የሚነግሩት?»

እዚህ ላይ ሰውየው ትንሽ ቢዋሽ ኖሮ ሁላችንም እናርፍ ነበር። እሱ ግን መምህር ነው፤ ጥያቄ ከተጠየቀ በትክክል ይመልሳል።

«ውጭ አገር ላሉ ሰዎች እልካለሁ።»

ሕዝቡ «ኧህ!» አለ።

«የሚቆጥሯቸው ከየት ነው የሚመጡት?»

«ከሩቅ ነው። ከሩሲያም ከአውሮፓም ይመጣሉ። በጋውን እዚህ ከርመው አሁን ሊመለሱ ነው።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«በጠቅላላው? ኧረ ከመቶ ሺ በላይ ናቸው።»

«ያ ረቢ!» አለች ጦይባ፤ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጣለች።

«በየት በኩል ነው የሚያልፉት?»

«አብዛኞቹ በሌሊት ነው የሚያልፉት። ሰው አያያቸውም። ቀይ ባሕርን ይሻገሩና…»

መጨረስ አልቻለም። ጩኸቱ ሐይቁን ሞላው። የቆጠራቸው ጥቁርና ነጭ ወፎች ሁሉ ከውሃው ግር ብለው ተነሱ። መምህሩ እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥራቸው አየሁት።

ሳቁ እዚህ ላይ አለቀ። ከማል የሚባል ጎረምሳ ነበር። ታላቅ ወንድሙ በጦርነቱ ሞቷል፤ አስከሬኑን አላገኙትም። ከማል ጎንበስ ብሎ ጡጫ የሚያክል ድንጋይ አነሳ። ከኋላውም ሌሎች አነሱ። አያ እንድሪስ ጠብመንጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእቅፋቸው አውጥተው በትክክል ያዙት። «ማንም እንዳይነካው!» አሉ። «ወረዳ ደውያለሁ። ሰው ይመጣል። እስከዚያ እስረኛ ነው።» ከማል ድንጋዩን አልጣለም። ይዞት ሄደ።

የቀበሌው ቢሮ በሩ ተገንጥሎ ስለነበር፣ እስረኛው እኔ አሳ መጥበሻ ዘንድ እንዲቆይ ተወሰነ። እጁን በመረብ ገመድ አስረው፣ በዱካዬ ላይ አስቀምጠውት፣ አያ እንድሪስም አቅራቢ መነጽሩን በኤግዚቢትነት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መንገዱ ዳር ቆሙ። እኔ እሳቴን አቀጣጠልኩ። ጀግና ነበርኩ። ያለፈው ሁሉ ፊሽካዬን እያየ በአክብሮት ሰላም ይለኛል።

ጥቂት ቆይቶ እስረኛው «ልጄ» አለኝ።

«አያናግሩኝ።»

«እሺ። ብቻ ከጀርባዬ ያለው ቁጥቋጦ ላይ የምትጮኸዋ ደረቷ ምን ዓይነት ነው? መዞር አልቻልኩም።»

አየሁለት። «ቀይ ነገር ነው» አልኩት።

«አሃ! አመሰግናለሁ። እስቲ በደብተሬ አንድ በይልኝ።»

በዚህ ዓይነት ሳላስበው ጸሐፊው ሆንኩ። እሱ ታስሮ በጆሮው ይሰማል፣ እኔ ዞሬ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ወፍ ጻፍን። ስምንት ወር በዚያ ቦታ ተቀምጬ እኔ የማውቀው ሦስት ነበር። አሞራ፣ ቁራ እና «ሌላ ወፍ»።

ምሳ ሰዓት ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስኳር በሽታ አለብኝ አለ። ገመዱን ፈታሁለትና ቆሮሶ ከዳቦ ጋር ሰጠሁት። ጦይባ ጎንበስ ብላ «እስቲ እንየው» አለችኝ በጆሮዬ። «ሁዳዴ ነው። ከበላ እስላም ነው፤ ካልበላ ክርስቲያን ነው።»

በላ።

«አወቅሁ!» አለች።

«ሐኪሜ ጾም ከልክሎኝ ነው» አለ መምህሩ አጥንቱን እየለየ። ጦይባ ተናዳ ወደ መደቧ ተመለሰች። እስከ ዛሬም አላወቅንም።

እየበላ ሳለ አንዲት ትንሽ ወፍ አሳ የማጥብበት ድንጋይ ላይ አረፈች። ሆዷ ቢጫ ነው፤ እንቁላል አስኳል የተቀባች ትመስላለች። ጭራዋን ወደ ላይ ወደ ታች ታወዛውዛለች። ደነገጥኩ።

«ይቺን አውቃታለሁ» አልኩ።

«እዚህ ብዙ ናቸው።»

«እዚህ አይደለም። ጅዳ ነው።»

መምህሩ ማኘኩን አቆመ። ነገርኩት። ጅዳ ሁለተኛ ዓመቴ ላይ እመቤቲቱ በሩን ቆልፋብኝ ነበር የምትወጣው። አራት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣሁም። ልብስ ለማስጣት ጣራ ላይ ስወጣ ብቻ ሰማይ አያለሁ። አንድ ቀን፣ ልክ በዚህ ወቅት፣ ይቺ ወፍ ገመዱ ሥር መጥታ ጭራዋን እያወዛወዘች ቆመች። ሦስት ቀን ተመላለሰች። ሌላ የማወራው ሰው አልነበረኝም፤ ሁሉን ነገር ነገርኳት። ቤተሰቦቼን፣ የተቆለፈውን በር፣ ሁሉን። በአራተኛው ቀን የለችም።

«በምን ቋንቋ ነው ያወራሻት?» አለኝ።

«በአረብኛ ነዋ! የሳውዲ ወፍ መስላኝ።»

ሳቁ መጣበት፤ ግን አልሳቀም። «ልጄ» አለኝ፤ «እነዚህ በጋውን እዚህ ይከርሙና በመጋቢት ይነሳሉ። ባሕሩን ተሻግረው በዚያ በኩል ነው የሚያልፉት። ያቺ ወፍ ከኢትዮጵያ የተነሳች ትሆናለች። ማን ያውቃል፣ ከዚሁ ከሐይቅም ይሆናል። በአማርኛ ብታናግሪያት ይሻል ነበር።»

እኔ ግን አለቀስኩ። እየጠበስኩ ነው ያለቀስኩት፤ ዘይቱ ተንጣጣብኝ። ለሦስት ቀን ያዋየኋት ወፍ ያገሬ ልጅ ነበረች! ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል፣ እጁን ራሴ መፍታቴን፣ እስረኛው ነጻ ሆኖ ከእኔ ጋር ምሳ እየበላ መሆኑን አየሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ይህ ሰው ሰላይ አይደለም። ይህን ሰው ያሳሰርኩት እኔ ነኝ።

ሮጬ አያ እንድሪስ ዘንድ ልሄድ ስነሳ፣ ከማል ከአሥር ጎረምሳ ጋር መጣ። ስምንት ሰዓት ይሆናል። አሁን ዱላ ይዘዋል። ድንጋዩም በከማል እጅ ነው።

«የወረዳው ሰው አልመጣም» አለ ከማል። «አንጠብቅም።»

ከመምህሩ ፊት ቆምኩ። በእጄ ያለው የአሳ መገልበጫ ብቻ ነው። «ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ተሳስቻለሁ።»

«እንደ አክስትሽ?»

«እንደ አክስቴ! እንደ ጆንያው!» አልኩ። «አሁንም ተሳስቻለሁ። ሦስት ጊዜ ተሳስቻለሁ። በሦስተኛው ሰው ልትገድሉልኝ ነው?»

«ሰላይ አለመሆኑን በምን አወቅሽ?»

ስለ ጅዳ ወፍ ብነግረው እኔንም ይጨምረኛል። ከኋላዬ መምህሩ ቀስ ብሎ «ማዶ ዋርካው ላይ ትልቋ ንስር አለች። ጠዋት ያልኳት እሷን ነው። እዩዋት» አለ።

አያ እንድሪስ እየሮጡ ደርሰው ነበር። «መነጽሩን ያንሱት፤ ዋርካውን ይዩ!» አልኳቸው። እሳቸውም መነጽሩን አንስተው በዓይናቸው ገጠሙት፤ ገልብጠው።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ ተቆጥተው። «ያለውን ነገር ሁሉ ወስዶ አምባሰል አደረሰው! በዚህ ነው የሚሰልሉት?»

መምህሩ ተነስቶ አዞረላቸው። ከዚያ አያ እንድሪስ አፋቸው ተከፈተ። ጠብመንጃውን ሳያዩ ለጦይባ አቀበሉ።

«ማሻ አላህ» አሉ። «አሳ ይዛለች። ኧረ ልጅ አላት! ኧረ እያጎረሰችው ነው! ጎጆው ጥሩ ነው የተሠራው… በግራ በኩል ግን ማገር ያንሰዋል።»

«ስጡን» አለ አንዱ ጎረምሳ።

«ቆይ!»

«አያ እንድሪስ፣ ለከማል ይስጡት» አልኩ። ሁለት ጊዜ ነው የለመንኳቸው። ከማል በአንድ እጁ ተቀበለ፤ በሌላው ድንጋዩን ይዟል። አየ። ረጅም ጊዜ አየ። እኛ ሁላችን እሱን እናያለን። ድንጋዩ መቼ እንደወደቀ አላየሁም፤ መነጽሩን በሁለት እጁ እንደያዘው ብቻ ነው ያየሁት።

«አንዷ ብቻ ናት» አለ በቀጭን ድምፅ። «ባሏስ?»

«አሳ ሊያመጣ ሄዶ ነው» አለ መምህሩ። «ይመለሳል።»

ከማል መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ «ልጠብቀው እችላለሁ?» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ያምነኛል? ሁሉም ማየት ፈለገ። ሰልፍ ተያዘ። መምህሩ ቆማችሁ አታስደንግጧት ሲላቸው ዱላቸውን ጥለው ደንገሉ ውስጥ በሆዳቸው ተኙ። ወሬው ተሰምቶ ሌላውም መጣ። ጦይባ ጠብመንጃውን እንደታቀፈች በሆዷ ተኛች። አሥር ሰዓት ላይ የወረዳው የጸጥታ ሰው ከሁለት ታጣቂ ጋር በመኪና ሲደርስ፣ አርባ ሰው ጭቃ ላይ ተዘርግቶ በሹክሹክታ «መጣ፣ መጣ፣ ወንዱ መጣ» ይላል።

«ሰላዩ የታለ?» ብሎ ጮኸ የወረዳው ሰው።

አርባውም በአንድ ላይ ዞረው «እሽሽሽ!» አሉት። አያ እንድሪስ ደግሞ ጨምረው «ጌታው፣ ይተኙ! ትበራለች!» አሉት።

ሰውየው ግራ ገባው። ታጣቂዎቹን አየ፤ ታጣቂዎቹ እሱን አዩት። ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ በሆዱ ተኛ።

ነገሩ በአንድ ስልክ አለቀ። የወረዳው ሰው ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ደውሎ ጠየቀ፤ መምህሩ የተባለው ሰው መሆኑ ተረጋገጠ። ማንም ቁጥሩ ላይ መደወል ይችል እንደነበር ያን ጊዜ ነው ለሁላችን የታየን። ወረቀቱ ከጠዋት ጀምሮ በአያ እንድሪስ ኪስ ነበር።

መምህሩን ይቅርታ ስጠይቀው እግሩ ላይ ልወድቅ ነበር። ክንዴን ይዞ አነሳኝ። «አብሽሪ» አለኝ። «ደንገል ውስጥ ተኝቼ በስልክ የማወራውን እኔም ብሰማው ኖሮ እነፋ ነበር።» ከዚያ ግን ፊቱ ተለወጠ፤ «ድንጋዩን ሲያነሱ ፈራሁ፣ ልጄ። በጣም ፈራሁ» አለኝ። ይህን ለሌላ ሰው አልነገረም። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝና ልክ ነበር።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ይህን ታሪክ በሠርግም በለቅሶም አውርቼዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን የሚመጣብኝ ሌላ ነው። መምህሩ ከደሴ ሳይሆን ከሩቅ አገር መጥቶ ቢሆንስ? ስሙ ለጆሯችን እንግዳ ቢሆንስ? ትልቋ ያን ሰዓት ከዋርካው ላይ ባትኖርስ? እኔ ያን ጠዋት ክፉ ሰው አልነበርኩም። ቤቴ የተዘረፈ፣ የፈራሁ፣ ደግሞም መሳቂያ መሆን የሰለቸኝ ሴት ነበርኩ። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ዛሬ የማላውቀው ሰው ሳይ አጠገቡ ሄጄ «ምን እያዩ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ። ሌላው ቀርቶ ወሬ ታገኛላችሁ።

መምህሩ ሲሄድ አንድ ደብተርና አንድ ሥራ ሰጠኝ። ቢጫዎቹን እስኪሄዱ ድረስ በየጠዋቱ እንድቆጥርለት። ሃምሳ ሁለት። አርባ። አሥራ ሰባት። ማታ በስልክ እነግረዋለሁ። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ወረድኩ፤ ድንጋዩ ላይ የለም፤ ጭቃው ላይ የለም፤ ደንገሉ ሥር የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግሁ። ያን ቀን አልጻፍኩም፤ አልደወልኩምም። ማታ እሱ ደወለ።

«ስንት ሆኑ?» አለኝ።

«የሉም» አልኩት። «ምን ልጽፍ ነው?»

«ዜሮ ነዋ።»

«ዜሮ ይጻፋል እንዴ?»

«ዋናው እሱ ነው» አለኝ። «ያልጻፍሽ እንደሆነ የሚያነበው ሰው ሄደው ይሁን አንቺ ሳታያቸው ቀርተሽ ይሁን አያውቅም። ዜሮ ስትጽፊ ግን ወርጄ ፈልጌያቸዋለሁ ማለትሽ ነው።»

በማግስቱ ወርጄ ደግሜ ፈለግሁ። ከዚያ በደንገሉ ዳር ተቀምጬ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ ከጎኑም በደንብ ክብ አድርጌ ዜሮ ጻፍኩ። ከማል ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። ደብተሩን ለመነኝና ወደ መጨረሻው ገጽ ገልጦ፣ ራሱ የወንድሙን ስም ጻፈበት፤ ከጎኑም ዜሮ።